ቤታችን ውስጥ ምን አለ?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።



በዛሬው ዝግጅታችን ከኢስላም ታሪክ አንድ አጭር ጥያቄ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአንድ ችግረኛ ያቀረቡለት ጥያቄ ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን እኛው ራሳችን የሠራነውን ስህተት እንናገራለን፤ ታሪክ የሚጠቅመው ዛሬ ያጎደልነውን ሲያሳየን ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሏ የሞተባት አንዲት እህት ከዐስር ሰላት በኋላ ወደ መስጂዳችን መጣች። ሦስት ልጆች አሏት፤ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ተጠራቅሞባታል። እንደ ልማዳችን ለጀመዓው ነገርንላት። ሰዉም ከኪሱ አዋጣ። የተሰበሰበውን ሰጥተን «አላህ ያግራልሽ» ብለን ሸኘናት። በሚቀጥለው ወር ተመልሳ መጣች፤ አሁንም አዋጣን። በሦስተኛው ወር ከበሩ ጥግ ቆማ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍና አገኘናት። ከጫማ ማውለቂያው አጠገብ አንዳንዱ ሰው እንዳላያት ሆኖ ሲያልፍም ተመለከትን። ያን ቀን ያሳፈረን የእርሷ መምጣት አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ገንዘብ ስንሰጣት አንድም ነገር ጠይቀናት አለማወቃችን ነው። ምን ሥራ ትችላለች? ሟቹ ምን ትቶላታል? ዘመድ አላት? አናውቅም ነበር። የሰጠናት ብር ከደጃፋችን መሸኛ ሆኖ ነበር።

የጠየቋት በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሐጃ ናቸው። ምን እንደጠየቋትና ምን እንደተገኘ በመጨረሻው ላይ እንመለስበታለን። አሁን ወደ መዲና እንሂድ።

የጨርቁና የዋንጫው ሰው

አቡ ዳውድ ከአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲሥ ከአንሷሮች አንድ ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። እርሳቸውም ቤቱ ውስጥ ምንም ነገር የለ እንደሆነ ጠየቁት። ሰውየው ከፊሉን የሚለብሱት፣ ከፊሉን የሚያነጥፉት አንድ ሻካራ ጨርቅና ውሃ የሚጠጡበት አንድ ዋንጫ እንዳለ ነገራቸው። ሁለቱንም እንዲያመጣ አዘዙት። በእጃቸው ይዘው በቦታው ለነበሩት ሰዎች ለሽያጭ አቀረቡ። አንዱ በአንድ ዲርሃም እወስዳቸዋለሁ አለ። ነቢዩ የሚጨምር ሰው እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ጠየቁ። ሌላው ሁለት ዲርሃም ሰጥቶ ወሰዳቸው።

ዲርሃሞቹን ለሰውየው ሰጡትና በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲገዛ፣ በሌላው መጥረቢያ ገዝቶ እንዲያመጣላቸው ነገሩት። መጥረቢያውን ባመጣ ጊዜ እጀታውን በገዛ እጃቸው አስገቡለት። ከዚያም እንጨት እየቆረጠ እንዲሸጥ፣ እስከ ዐሥራ አምስት ቀንም ወደ እርሳቸው እንዳይመጣ አዘዙት። ቀኑ ሲደርስ ሰውየው ዐሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ፤ በከፊሉ ልብስ፣ በከፊሉ ምግብ ገዛ።

የሐዲሥ ሊቃውንት በዚህ ዘገባ ሰነድ ላይ ተነጋግረውበታል፤ ደካማ ያሉትም አሉ። መሠረተ ሐሳቡን ግን ቡኻሪ ከዙበይር ኢብን አል-ዐዋም (ረ.ዐ) የዘገቡት ሐዲሥ ያጸናዋል። አንድ ሰው ገመዱን ይዞ ወጥቶ የማገዶ ሸክም በጀርባው አምጥቶ ቢሸጥ፣ አላህም በዚያ ክብሩን ቢጠብቅለት፣ ሰዎች ቢሰጡትም ቢከለክሉትም እነርሱን ከመለመን ይሻለዋል ይላል መልእክቱ።

እህት ወንድሞች፣ ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል። የምንነግረውም አብዛኛውን ጊዜ ለድሃው ነው፤ «አየህ፣ ለምኖ ከመብላት ሠርቶ መብላት ይሻላል» እንለዋለን። ልብ ብለን ብናየው ግን ታሪኩ የሚናገረው ከድሃው ይልቅ በዙሪያው ላለው ሰው ነው። ሰውየው ያደረገው የታዘዘውን ነው። ሌሎቹስ ምን አደረጉ?

በመጀመሪያ ነቢዩ ከመስጠታቸው በፊት ጠየቁ። ሁለተኛ፣ ከሁለቱ ዲርሃሞች አንደኛው ሙሉ በሙሉ ለምግብ ዋለ፤ የራበው ቤተሰብ መጥረቢያው ገቢ እስኪያስገኝ መጠበቅ አይችልምና። ሦስተኛ፣ ዋጋ የሚጨምር ጎረቤት ተፈለገ፤ ተገኘም። አራተኛ፣ መጥረቢያው ያለ እጀታ አይቆርጥም፤ እጀታውን ያስገቡለት የአላህ መልእክተኛ ናቸው። አምስተኛ፣ ቀን ተቀጠረለት። ሄዶ እንዲቀር ሳይሆን ሠርቶ እንዲመለስና ውጤቱ እንዲታይ ነው።

ስለዚህ ባለን ነገር መጠቀም የአንድ ሰው ብልሃት ብቻ አይደለም። ጨርቁና ዋንጫው የሰውየው ናቸው፤ ጨረታው፣ ሁለተኛው ዲርሃምና እጀታው ግን የጀመዓው ናቸው። ከእኛ መስጂድ የጎደለው ይህ ነበር።

የሞተችው በግ ቆዳ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ግን መዳቡም እንደ ወርቅ ይታይ ነበር።

ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ለምእመናን እናት ለመይሙና (ረ.ዐ) ነፃ ወጥ አገልጋይ በሰደቃ የተሰጠች አንዲት በግ ሞተች። ነቢዩ በዚያ ሲያልፉ በጓ ወድቃ አዩና ለምን በቆዳዋ እንዳልተጠቀሙ ጠየቁ። ሰዎቹ የሞተች ናት ሲሉ መለሱ። እርሳቸውም የተከለከለው መብላቷ ብቻ መሆኑን አስረዷቸው።

ሰዎቹ ሐራምን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሥጋዋን አልነኩም። ነገር ግን «ሞታለች» በሚለው ቃል ላይ ቆሙና ከሥጋዋ ጋር ቆዳዋንም ጣሉት። ሸሪዓ የከለከለው አንዱን ነበር፤ ልማድ ደግሞ ሌላውን ጨመረበት። ሌላዋ የምእመናን እናት ሰውዳ (ረ.ዐ) ይህን ትምህርት በሥራ አሳይተውናል። በግ ሞታባቸው ቆዳዋን አለፉት፤ ተምር የሚዘፈዝፉበት ስልቻ አደረጉት፤ አርጅቶ እስኪያልቅ ድረስም ተገለገሉበት። ይህንንም ቡኻሪ ዘግበውታል።

ስለ ማባያ ደግሞ ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ነቢዩ ከቤተሰባቸው የዳቦ ማባያ ጠየቁ። ከኮምጣጤ በስተቀር ምንም የለም ተባሉ። ኮምጣጤውን አስመጥተው እየበሉ ጥሩ ማባያ ነው እያሉ አመሰገኑት። እስቲ የቤቱን ሰዎች እናስብ። የሚያቀርቡት በማጣታቸው አፍረው ይሆናል፤ ምስጋናው ግን እፍረታቸውን አነሣላቸው። ስንቱ አባወራ ከሥራ ገብቶ ሽሮ ሲቀርብለት ፊቱን ያጠቁራል? ያለውን ማብቃቃት የምትችል ሚስት እንድትኖረን የምንፈልግ ወንዶች በቅድሚያ ያለውን አመስግነን መብላት ይጠበቅብናል።

ከዘንባባ የተሠራው መስጂድ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 እ.ኤ.አ. ወደ መዲና ሲሰደዱ የጉዞው ስንቅ የታሰረው በመቀነት ነው። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) የስንቁን መያዣ የሚያስሩበት ቢያጡ የራሳቸውን መቀነት ለሁለት ሰንጥቀው አሰሩት፤ «የሁለት መቀነቶች ባለቤት» የሚለው ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው።

መዲና ሲደርሱ መስጂዱ የተሠራበት ቦታ የሁለት ወላጅ አልባ ልጆች የተምር ማድረቂያ ነበር። ልጆቹ በነፃ ሊሰጧቸው ቢፈልጉም ነቢዩ ሳይገዙት አልተቀበሉም። ይህንን አስምረንበት እንለፍ። ባለን ነገር እንጠቀም ሲባል የደካማን ንብረት እንደ ራሳችን እንቁጠር ማለት አይደለም። ማድረቂያው በሁለት ልጆች እጅ ነበርና ዋጋው ተከፈለ።

በቦታው ላይ የነበሩት ዘንባባዎች ተቆርጠው በቂብላው አቅጣጫ ተደረደሩ። ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የዘንባባ ግንድ፣ ጣሪያው የዘንባባ ዝንጣፊ ሆነ። ዝናብ ያፈሳል። በአንድ የረመዳን ሌሊት ዘንቦ ነቢዩ በውሃና በጭቃ ላይ ሱጁድ ወርደው የጭቃው ምልክት በግንባራቸው ላይ መታየቱን ቡኻሪ ዘግበዋል። ኹጥባም መጀመሪያ የሚያደርጉት የዘንባባ ግንድ ተደግፈው ነበር። በኋላ የአንዲት አንሷር ሴት አናጺ አገልጋይ ጋባ ከሚባለው ጫካ በመጣ እንጨት ሚንበር ሠራላቸው።

ይህ መስጂድ በዚያው ሁኔታ አልቀረም። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ኸሊፋ ዑመር (634–644 እ.ኤ.አ.) ሲያሰፉት በዚያው በጡብና በዘንባባ ሠሩት፤ ኸሊፋ ዑሥማን (644–656 እ.ኤ.አ.) ግን ግድግዳውን በተጠረበ ድንጋይና በኖራ፣ ጣሪያውን በጥሩ እንጨት አደሱት። አቅም ሲመጣ ጣሪያው እንዳያፈስ ተደረገ። ባለን መብቃቃት ማለት በማፍሰሻ ጣሪያ ሥር ለዘላለም መኖር አይደለም። የተሻለው እስኪገኝ ድረስ ሰላት አይቋረጥም ማለት ነው።

ገበያው የት ነው?

የሚያስገርመው ደግሞ ምንም ንብረት ያልነበራቸው ሙሃጂሮች ታሪክ ነው። ቤታቸውም ንብረታቸውም መካ ቀርቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን (ረ.ዐ) ከመዲናው ሰዕድ ኢብን አር-ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር አወዳጇቸው። ሰዕድ የገንዘባቸውን እኩሌታ አቀረቡላቸው። ዐብዱረሕማን በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ገበያው የት እንደሆነ። የቀይኑቃዕ ገበያ ተመለከቱ። ዕለቱን የደረቀ አይብና ቅቤ አትርፈው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ የአንድ የተምር ዘር ክብደት ያህል ወርቅ መህር ሰጥተው አገቡ።

እጃቸው ባዶ ነበር፤ ጭንቅላታቸው ግን አልነበረም። ንግድ ያውቃሉ። «ቤትህ ውስጥ ምን አለ?» ሲባል ዕቃ ብቻ መቁጠር የለብንም ማለት ነው። ሙያ፣ ቋንቋ፣ የምናውቀው ሰፈር፣ የእናት ሞያ፣ ሁሉም ይቆጠራል። የሰዕድን ድርሻም አንርሳ። ገንዘባቸው ባይፈለግም በራቸው ክፍት ነበር፤ መንገዱንም አሳዩ።

ከአጥንት እስከ ሉሕ

ቁርኣን ሲወርድ በመዲና ወረቀት እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን አልነበረም። ጸሐፊዎቹ በተገኘው ላይ ይጽፉ ነበር፤ በተላጠ የዘንባባ ዝንጣፊ፣ በስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በቁራጭ ቆዳ፣ በእንስሳት የትከሻ አጥንት። በየማማ ጦርነት ብዙ የቁርኣን ሓፊዞች ከተገደሉ በኋላ በኸሊፋ አቡበክር ዘመን (632–634 እ.ኤ.አ.) ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) ቁርኣንን ሲያሰባስቡ ከእነዚህ ቁርጥራጮችና ከሰዎች ልብ ነው የሰበሰቡት። «ወረቀት እስኪመጣ እንጠብቅ» ያለ አልነበረም።

ይህ በተገኘው ላይ የመጻፍ ወግ በአገራችንም ሥር ሰዷል። በወሎም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ቁርኣን የቀራን ሰዎች ሉሓችንን አንረሳም። አንድ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ቀለሙ ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ብዕሩ ከሸምበቆ ይቀረጻል። የዕለቱ ትምህርት ይጻፋል፤ ሲሸመደድ ሉሑ ይታጠባል፤ ሲደርቅ የሚቀጥለው ይጻፍበታል። አንዲት ሰሌዳ እየታጠበች ሠላሳውን ጁዝእ ታደርሳለች። ወረቀት ውድ በሆነበት ዘመን የደሃ ልጅ ሓፊዝ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህም አልፎ ዑለማኦቻችን ፊደሉን ራሱን ለሌላ ሥራ አዋሉት። ደረሳው የዐረብኛን ፊደል ከቁርኣን ለምዶታል፤ ሕዝቡ የሚሰማው ግን አማርኛ ነው። እንደ ሸይኽ ጦልሐ ኢብን ጀዕፈር ያሉት የወሎ ሊቃውንት በዚያው ፊደል አማርኛ መንዙማ ጻፉ፤ ዐጀሚ የምንለው ይህ ነው። በሐረሪኛና በኦሮምኛም ተጽፎበታል። አዲስ ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ አዲስ ፊደል ሳይጠና፣ ተማሪው በያዘው ዕውቀት ዲን ወደ ቤተሰቡ ቋንቋ ገባ።

እዚህም ላይ እጀታውን ያስገባ ሰው ነበር። ደረሳው ሉሑን ይዞ ከሩቅ አገር ሲመጣ መንደርተኛው እራቱን ይሰጠዋል። በአንድ ሰሌዳ መማር የቻለው የሚያበላው ሕዝብ ስለነበረ ነው።

ይህ ምክር መሣሪያ እንዳይሆንብን

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። «ባለህ ተጠቀም» የሚለው ምክር ከሀብታም አፍ ሲወጣ በር መዝጊያ ሊሆን ይችላል። የመጥረቢያው ሐዲሥ ራሱ በመጨረሻው ላይ መለመን የሚፈቀድላቸውን ይዘረዝራል፤ እጅግ የከፋ ድህነት የጣለው፣ ከባድ ዕዳ የተጫነው፣ የደም ካሳ ያስጨነቀው። አላህም በሀብታሞች ገንዘብ ውስጥ ለለማኝና ለተነፈገ ሰው የታወቀ መብት አኑሯል። ዘካችንን ይዘን ለድሃው ብልሃት ብንመክረው የራሱን ሐቅ ከልክለን ምክር ሸጥንለት ማለት ነው።

ማብቃቃት የሚጀመረውም ካለው ሰው ቤት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በአል-አዕራፍ ምዕራፍ እንድንበላና እንድንጠጣ ፈቅዶ ማባከንን ከልክሎናል። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውሃ ነበር፤ ሙድ ማለት ሁለት መካከለኛ እጆች ተጋጥመው የሚይዙት ያህል ነው። እኛ ግን ቧንቧውን ከፍተን እጅጌያችንን እንሰበስባለን፤ ወሬ እናወራለን፤ ውሃው ይፈሳል። የልጆቻችን ደብተር ግማሹ ባዶ እያለ ዓመቱ ሲያልቅ ይጣላል። ከኢፍጧር የተረፈው ምግብ በጠዋት ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይታያል፤ ከግንቡ ማዶ ያለው ጎረቤት ደግሞ ምን በልቶ እንዳደረ አልጠየቅንም።

ሐጃ የጠየቁት

አሁን ወደዚያች እህት እንመለስ። ሐጃ ከበሩ ጥግ ወስደው አጠገባቸው አስቀመጧትና፣ «ልጄ፣ ቤትሽ ውስጥ ምን አለ?» አሏት።

«ምንም የለኝም እማማ» አለች።

«ምንም የሌለው ቤት የለም። እስቲ አስቢ።»

ዝም ብላ ቆየችና ከአልጋ ሥር የባሏ የስፌት መኪና እንዳለ ተናገረች። ቺንጋው ተበጥሷል፤ መርፌው ዝጓል። ልትሸጠው አስባ እጇ አልታዘዝ ብሏታል። ስፌትም ብዙ አታውቅም፤ ጠርዝ መቀምቀም ብቻ። በጀመዓችን ለዓመታት ከመጀመሪያው ሰፍ የማይጠፋ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ሐጃ ለእርሱ ነገሩት። በማግስቱ ቤቷ ሄዶ ቺንጋውን ለወጠ፤ ዘይት ቀባ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታትም ከልጆቹ እናት ጋር እየሄዱ አስተማሯት። ያን ሰሞን እኛ ለሴቶች መስገጃ መጋረጃ ከገበያ ለመግዛት ዋጋ እያጠያየቅን ነበር። ጨርቁን ገዝተን ለእርሷ ሰጠናት። የመጀመሪያ ሥራዋ ያ ሆነ። አንዱ ጠርዝ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ዛሬም እንደተሰቀለ ነው።

ችግሯ ሁሉ ተወገደ አንልም። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወር ኪራዩ ይከብዳታል፤ ዘካ ሲከፋፈልም ድርሻዋ ይደርሳታል፤ ሐቋ ነውና። ነገር ግን ወደ መስጂድ ስትመጣ ከበሩ ጥግ አትቆምም።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እናድርግ። ቤታችን ገብተን ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ላይ፣ ከልጆቻችን ችሎታ ውስጥ የረሳነውን እንፈልግ። ከዚያም ለአንድ ችግረኛ እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት አጠገቡ ተቀምጠን ምን እንዳለው እንጠይቀው። መጥረቢያ ካለው እጀታው የእኛ ድርሻ ሊሆን ይችላል።

አላህ በሰጠን ነገር ላይ በረካ ያድርግልን። ያለንን የምናይበት ዓይን፣ የሌላውን ችግር የምንሰማበት ጆሮ ይስጠን። ከማባከንም ከስስትም ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።